አጎቴ ጃራን የነከሰው ውሻ

ጠጅቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት የላሜን ጭንቅላት በሳጥን ይዛ ስትሄድ ነው። ላሟ ሱሉልታ ካሉኝ ከብቶች ሁሉ የምትበልጥ ታላቢ ነበረች፤ ድንገት ታመመች፣ አረፋ ደፈቀች፣ አጥሩን በቀንዷ ስትደረምስ ውላ ሞተች። ከሰበታ ላቦራቶሪ ባለሙያ ይመጣል ተብዬ አንድ መነጽራም ሽማግሌ ስጠብቅ፣ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ጓንት በጓንት ላይ የደረበች ሴት ከመኪና ወረደች። ፊቴን አየት አድርጋ «ያዘንከው ለላሟ ነው ወይስ ለወተቱ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚህች ሴት መልስ እንዳጣሁ ነው የምኖረው።

ጠጅቱ የቫይረስ ተመራማሪ ናት። ቀኑን ሙሉ የምትውለው ሰበታ፣ ከእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ጋር ነው። ሌላ ሴት ምሳ ብትጋብዝ ስለ ፊልም ታወራሃለች፤ ጠጅቱ የምታወራህ ስለ ምራቅ ነው። «ይሄ ቫይረስ አይቸኩልም» ትላለች፣ ስለ አንድ ጨዋ ጎረቤት የምታወራ ይመስል። «ከተነከስክበት ቦታ ነርቭህን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ጭንቅላትህ ይወጣል። እስኪደርስ ምንም አይሰማህም። ከደረሰ ግን እኔም፣ ክትባትም፣ ማንም አያድንህም።» ይህን ትልና ጥብሷን ትጠቀልላለች። ከእኔ በፊት ሊያገቧት ያሰቡ ሁለት ሦስት ሰዎች ከሁለተኛው ምሳ በኋላ ስልክ ማንሳት አቁመዋል አሉ። እኔ ግን የራሴን ጨርሼ የእሷንም አገዝኳት።

እናም ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ኦቦ ቢቂላ ቡራዩ ዳር ላይ የሚኖሩ፣ እርሻቸው ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኖ የቀረቻቸውን ጓሮ እንደ ጋሻ መሬት የሚያስከብሩ ሰው ናቸው። እኔ የመረጥኳቸው ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። ፒክአፕ መኪና ያላቸው ኦቦ የህያ፣ በጨዋታቸው የሚወደዱት ኦቦ ኦዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አባቴ ሲሞት ወስዶ ያሳደገኝ አጎቴ ኦቦ ጃራ። አጎቴ በወጣትነቱ ፈረስ ጋላቢ ነበር። አሁንም በእግሩ ሲሄድ ፈረስ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ጀርባው ቀጥ፣ አንገቱ ቀና። በልጅነቴ አንድ ጊዜ እንኳ ሲያጎነብስ ያየሁት አይመስለኝም።

በእኛ ዘንድ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ከሴቷ ቤት መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ውሃም አይቀምስም። ቆሞ ይለምናል፣ ቆሞ ቀጠሮ ይቀበላል፣ ቆሞ ይመለሳል። የሴቷ አባት ደግሞ ቶሎ እሺ ቢል ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ይመስልበታልና ያመላልሳል። ኦቦ ቢቂላም ደንቡን አልሳቱም፤ «ከዘመድ ልምከርበት፣ ሌላ እሁድ ኑ» ብለው ሸኟቸው። ልጃቸው ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዘመድ ጋር ምን እንደሚመክሩ እግዜር ይወቅ።

የዚያን ዕለት ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አጎቴ ፒክአፑ ውስጥ አልገባም። «ነፋስ ልቀበል» ብሎ ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ ኋላ ላይ ቆመ። ቡራዩን አልፎ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ እንጦጦን ወጥቶ ሱሉልታ ድረስ እንደ ሐውልት ቆሞ መጣ። መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሟቸው ነበር። ኦቦ የህያ «ሽማግሌ ነው፣ ከልመና እየተመለሰ ነው» ሲሉት ፖሊሱ ለማኝ መስሎት አዝኖ ለቀቃቸው። እኔ ቤት ሲደርሱ «እንዴት ነበር?» አልኩት አጎቴን። «ያማረ አቀባበል ነው፤ ጨዋ ቤት ነው» አለኝ፣ ግድግዳ ተደግፎ።

በሳምንቱ መጨረሻ ጠጅቱ ከሰበታ ደወለች። ድምጿ ውስጥ ያ የለመድኩት ተረብ አልነበረም።

«ሞቱማ፣ ቡራዩ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ውሻ አህያ ነክሶ ልጆች ገደሉት። ጭንቅላቱ እኔ ጋ መጣ። ዛሬ በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ ቫይረሱ ያለበት ቦታ አረንጓዴ ያበራል፤ የማየው መስክ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ሞልቶታል።»

«እሺ፣ ታዲያ?»

«ለአባቴ ስነግረው ምን አለኝ መሰለህ? ይሄው ውሻ ባለፈው እሁድ በራችን ክፍት ሆኖ ገብቶ ነበር አለኝ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ሲያወሩ በኋላቸው በኩል ሮጦ ሲወጣ አይቶታል። ከሽማግሌዎችህ የተነከሰ አለ?»

«ቢኖር ይነግሩኝ ነበር።»

«ይነግሩህ ነበር?» አለች። ሁለታችንም እነዚህን ሰዎች እናውቃቸዋለን።

«ለምን ሦስቱንም አናስከትባቸውም?» አልኳት።

«ማስከተቡንስ እናስከትባለን። ግን ክትባት ሰውነታቸው ራሱ አንቲቦዲ መሥራት እንዲማር ነው የሚያደርገው፤ ትምህርቱ ቀናት ይወስዳል። እስከዚያ ቫይረሱን የሚይዝ የተዘጋጀ አንቲቦዲ አለ። እሱ የሚወጋው ቁስሉ ላይ ነው፤ ጥርሱ በገባበት ዙሪያ። ስንት ቦታ ለምኜ ለአንድ ሰው የሚበቃ አግኝቻለሁ። ማን እንደሆነና የት እንደሆነ ካልነገርከኝ ምኑ ላይ ይወጋል?»

ሦስቱንም ዞሬ ጠየቅሁ። ኦቦ ኦዳ ሳቁብኝ። ኦቦ የህያ «ወላሂ፣ ዝንብም አልነካኝ» አሉ። አጎቴ ግን ኮስተር ብሎ «እኔን ያበደ ውሻ አልነከሰኝም» አለኝ። አባባሉ ትንሽ ከበደኝ፤ ግን ያሳደገህን ሰው ሱሪህን ከፍ አድርግ አትለውም።

ስለዚህ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ሦስቱን ምሳ ጠራሁና ከምሳ በፊት «እግራችሁን ልጠብ» አልኳቸው። ድሮ እንግዳ ሲመጣ እግር ማጠብ ወግ ነበር፤ ዛሬ ማን ያጥባል? ኦቦ ኦዳ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ «እንዲህ ያለ ልጅ ሱሉልታ ውስጥ ቀርቷል?» አሉ። ኦቦ የህያ ሲታጠቡ ይኮረኮራሉና እየሳቁ ግማሹን ውሃ አፈሰሱብኝ። እኔ ጣታቸውን፣ ቁርጭምጭሚታቸውን፣ ባታቸውን እያሸሁ ልክ እንደ ከብት ገዢ እመረምራለሁ። ምንም የለም። የአጎቴም እግር ንጹሕ ነው። በደስታ ጠጅቱ ጋ ደወልኩ።

«የማንም እግር ላይ ጭረት የለም!»

«ሦስቱም ተቀምጠው ነው የታጠቡት?» አለችኝ።

«አዎ… ማለት፣ ሁለቱ ተቀምጠው። አጎቴ ወንበር አልፈልግም ብሎ ድርቆሹ ላይ በጎኑ ጋደም ብሎ ነበር።»

እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ግድግዳ መደገፉ፣ ፒክአፑ ላይ መቆሙ፣ በጎን መጋደሙ፤ ሳምንቱን ሙሉ አጎቴ አንድም ቀን አልተቀመጠም። እኔ ደግሞ ክብር ነው ብዬ ሳደንቅ ከረምኩ።

«ሞቱማ» አለችኝ፣ «ሰውዬው እንዳይሄድብህ፤ መጣሁ።»

መልስ ሳይሰጥ ሙሽሪት ራሷ በወንዱ ወገን ደጅ ብቅ ማለቷ በወጉ ቢታይ ጉድ ነው። ጠጅቱ ግን በእጇ አይስ ቦክስ ይዛ፣ ያንኑ ቦት ጫማ አድርጋ መጣች። አጎቴ ጓሮ ቆሞ ነበር፤ ሲያያት ጋቢውን አስተካከለ።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ጃራ?» አለች ጎንበስ ብላ።

«ጋሪዳ፣ ኢንተላኮ፤ ደህና ነኝ ልጄ። አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። እኛ ቤት ውሻ ነክሶዎታል?»

«ላኪ! አልነከሰኝም። ያንን የመሰለ የጨዋ ቤት እንግዳ የሚናከስ ውሻ አያሳድግም።»

ጠጅቱ ትንሽ አሰበችና ፈገግ አለች። «ልክ ነዎት፣ አልነከሰዎትም። ግን እንበልና፣ ቢነክስዎት ኖሮ፣ ቀለሙ ምን ዓይነት ይሆን ነበር?»

አጎቴ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ። «አልነከሰኝም እንጂ» አለ፣ «ቢነክሰኝ ኖሮ ቡላ ነበር።»

የጠጅቱ ፈገግታ ጠፋ። «የእኛ ውሻ ጥቁር ነው፣ ኦቦ ጃራ። የዚያን ዕለት ደግሞ ታስሮ ነው የዋለው። ቡላው የእኛ አይደለም። ቡላው ያበደው ነው።»

አጎቴ ለካ እንዲህ ነበር ያሰበው። ከኋላው የነከሰው የአማቾቹ ውሻ መስሎታል። ቢናገር ኦቦ ቢቂላ ያፍራሉ፤ ሽማግሌ በደጃፋቸው ተነከሰ ተብሎ ወሬ ይሆናል፤ ወሬ ከሆነ ደግሞ እኔ ሚስት አጣለሁ። በዚያ ላይ የውሻ ዶክተር ቤት ውሻ ነው፤ ከእሱ የጸዳ ውሻ በኢትዮጵያ ከየት ይመጣል? ቁስሉን ማንም ሳያይ ጨው ነስንሶበት፣ እኔን ለመዳር ሲል ዝም ብሎ ቆሞ ከረመ። ይህን ሲነግረን ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ አጥሩን ግን በእጁ ፈለገ። ደግፌ ያዝኩት። ተናደድኩበትም፣ ወደድኩትም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም አላውቅም።

«ዘግይቷል?» አላት።

«አልዘገየም። አንቱም አልታመሙም፤ የተነከሱትም ከጭንቅላትዎ ራቅ ያለ ቦታ ነው።» ከዚያ ተረቧ መለስ አለላት፤ «ለዚህ ውሻውን ማመስገን አለብን። ቫይረሱ ገና እንጦጦን አልወጣም፤ አሁን ከሄድን መንገዱን እንዘጋበታለን።»

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ጣቢታ ትባላለች፤ ከሆሳዕና የመጣች፣ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የምትጸልይ ልጅ ናት። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጥባ አጥባ፣ የጤና ጣቢያውን ክትባት ክንዱ ላይ ሰጠችው። አጎቴ ዓይኑን አላርገበገበም። ከዚያ ጠጅቱ አይስ ቦክሱን ከፈተች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አንቲቦዲው ነው። ፈረስ ከትበው፣ የፈረሱ ደም ውስጥ የተሠራውን አጣርተው ነው የሚያዘጋጁት።»

«የፈረስ?» የአጎቴ ፊት በራ። «እንዲህ በይኝ እንጂ! ፈረስ ከሆነማ ያውቀኛል።» ቀበቶውን ሊፈታ ጀመረ። ከዚያ እጁ መሃል ላይ ቆመ። «ከየት የመጣ ነው?»

«እኔ ነኝ ፈልጌ ያመጣሁት።»

አጎቴ ቀበቶውን መልሶ አጠበቀ። «አልቀበልም» አለ።

ጣቢታ መርፌውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። እኔ ገብቶኛል፤ ገብቶኝም ጭንቅላቴን ያዝኩ። የተላከ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ ከሴቷ ወገን እጅ ውሃ እንኳ አይቀበልም። ዛሬ ከልጅቷ እጅ መድኃኒት ቢወስድ፣ ነገ በምን አፉ ቆሞ ይለምናል?

«ውሃ አይደለም እኮ፣ መርፌ ነው!» አልኩት።

«ከውሃ አይበልጥም? እንግዲህ ከውሃ የሚበልጠውን ነው አልቀበልም ያልኩት። ቀጠሮዬ ሌላ እሁድ ነው፤ ያን ጊዜ መልስ ሲሰጠኝ እወጋለሁ።»

ጠጅቱ ያን ጊዜ ነደደች። ስትነድ አይቻት አላውቅም ነበር። ስልኳን አውጥታ አባቷ ጋ ደወለች፤ ስፒከሩ ላይ አደረገችው።

«አባ፣ ለሞቱማ ትሰጠኛለህ ወይስ አትሰጠኝም?»

«ምን? ጠጅቱ፣ በስልክ ልጅ ይዳራል እንዴ? ከዘመድ ሳልመክር…»

«ቡላው ውሻ የነከሰው ኦቦ ጃራን ነው። በደጃችን ላይ ነው። አንተ እንዳታፍር ብለው ደበቁ። አሁን መድኃኒቱን ካንተ መልስ ሳላገኝ አልቀበልም እያሉ ነው። አንተ ስትግደረደር፣ እሳቸው ሲከበሩ፣ ሰው ሊሞት ነው!» ጮኸች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አባ፣ ፈራሁ» አለች።

ስልኩ ተዘጋ።

ጠበቅን። ጣቢታ መድኃኒቱን ወደ ቅዝቃዜው መለሰች። ጠጅቱ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች። አጎቴ በሆዱ ተኝቶ ጣሪያውን ሳይሆን ወለሉን ያያል። አጠገቡ ተንበርክኬ «አጎቴ፣ እኔ ሚስት ባላገባ ምን እሆናለሁ? አንቱ ከሌሉ ግን ምን እሆናለሁ?» አልኩት። «ዝም በል፣ ኢልማኮ፣ ልጄ» አለኝ፤ እጄን ግን አለቀቀም።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ኦቦ ቢቂላ መጡ። ከቡራዩ በኮንትራት ታክሲ ነው የመጡት፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ ጠጅቱም ተከትላቸው ገባች። ጣቢታ ወንበር ሳበችላቸው።

«አልቀመጥም» አሉ።

አጎቴ ሊነሳ ሞከረ። «አንቱ ቆመው እኔ መተኛቴ ነውር ነው።»

«ይተኙ፣ ኦቦ ጃራ። ዛሬ ለማኙ እኔ ነኝ።» ኦቦ ቢቂላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በደጃቸው የስንቱን ሽማግሌ ልመና የሰሙ ሰው፣ ራሳቸው ሲለምኑ ቃል ጠፋቸው። «ከቤቴ የወጣ ጥርስ አይደለም የነከሰዎት፤ ግን በሬን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ልጄን ለልጅዎ ሰጥቻለሁ። ሌላ እሁድ የለም። አሁን እባክዎ የልጄን እጅ አይመልሱብኝ።»

አጎቴ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ ቆየ።

«ገለቶማ» ብሎ አመሰገነ በመጨረሻ። «እንግዲህ ሙሽሪት ትውጣና ነርሷ ትውጋኝ። አማት ለምራቱ የሚያሳየው ቦታ አይደለም።»

ጠጅቱ እያለቀሰች ሳቀች፤ ወጣች። ኦቦ ቢቂላ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ። እኔ የአጎቴን እጅ ይዤ ጣቢታ መድኃኒቱን ጥርሱ በገባበት ሁሉ ዙሪያ ስትወጋ አየሁ። ያማል፤ በጣም ያማል ይባላል። አጎቴ አንድ ጊዜ ብቻ የድሮ ፈረሱን ስም ጠራ።

ቀሪዎቹን ክትባቶች አንዱንም ሳያሳልፍ ጨረሰ። ሠርጋችን ተቀጠረ፣ ጥሎሽ ተነጋገርን፣ ኦቦ ኦዳ ታሪኩን በየሄዱበት እያሳመሩ አወሩት። የእኔ ልብ ግን አላረፈም። ይህ በሽታ የያዘው ሰው ውሃ መዋጥ ያቅተዋል ይባላልና አጎቴ ውሃ በጠጣ ቁጥር ሲውጥ ጉሮሮውን አያለሁ። እሱም እንደማየው ያውቃል፤ ሆን ብሎ ጭልጥ አድርጎ ይጠጣና ብርጭቆውን ገልብጦ ያሳየኛል።

ጠጅቱ ደሙን ወስዳ ሰበታ መረመረችው። እንዴት እንደሆነ አስረድታኛለች። ከደሙ የተጣራውን ፈሳሽ ከሕያው ቫይረስ ጋር ትቀላቅላለች፤ ደሙ ውስጥ በቂ አንቲቦዲ ከሌለ ቫይረሱ ይባዛና መስኩ በአረንጓዴ ይሞላል። ካለ ግን ጨለማ ይሆናል። ውጤቱ የደረሰ ዕለት አልደወለችም፤ ራሷ ሱሉልታ መጣች። አጎቴ ደጃፉ ላይ አግዳሚ ላይ ነበር።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ጨለማ ነው» አለች። «ድፍን ጨለማ። ደማቸው ቫይረሱን ድራሹን አጥፍቶታል።» ይህን ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ተንሰቅስቃ ማልቀስ ጀመረች።

አጎቴ ግራ ገባው። «ታዲያ ይሄ ምን ያስለቅሳል?»

«ኦቦ ጃራ፣ እኔ ጋ የሚመጣው ሁሉ ሞቶ ነው የሚመጣው» አለች። «የውሻ ጭንቅላት፣ የላም ጭንቅላት፣ አንዳንዴ ከሆስፒታል የልጅ ናሙና። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሠራ፣ አረንጓዴውን ሳይ ኖርኩ፤ የተረፈ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። የተረፈ ሰው ላቦራቶሪ ምን ሊሠራ ይመጣል? ወደ ሥራው ይሄዳል። አንቱ የመጀመሪያዬ ነዎት።»

አጎቴ አግዳሚውን ተደግፎ ተነሳ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ፀሐዩ ወዳለበት ሁለት እርምጃ ሄዶ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«በይ እንግዲያው በደንብ እይኝ» አላት፤ አይታ እስክትጠግብም ቆመላት።